መኪናዬ ኦል ዊል ድራይቭ ነው፤ የበረዶ ጎማ ያስፈልገኛል?

ጥያቄው፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ያለሁት ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። በቅርቡ ያገለገለ ቶዮታ ራቭፎር ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሠራ) ገዝቻለሁ፤ ኦል ዊል ድራይቭ ነው። ሥራዬ ከዴንቨር ኤርፖርት ሰው መጫን ነው። ብርዱ ሲገባ ተሳፋሪው የበረዶ መንሸራተቻ ስኪውን ተሸክሞ ተራራው ላይ ወዳሉት ወደ ቬይልና ወደ ብሬከንሪጅ ነው የሚለው። መኪናው ላይ ያሉት ጎማዎች ዓመቱን ሙሉ የሚነዱት ተራዎቹ ናቸው፤ ጥርሳቸው ግማሽ ያህል ቀርቷል። አንዱ ጓደኛዬ አራቱም ጎማ ከጎተተ ሌላ ጎማ መግዛት ብር መበተን ነው ይለኛል። ሌላው ደግሞ በነዚህ ጎማዎች ተራራው ላይ ያለውን የአይዘንሃወርን ዋሻ እንዳታልፍ ብሎ ለመነኝ። በረዶው ሳይወርድ መወሰን አለብኝ። ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ፤ በተለይ ተራራውን ደጋግማችሁ የምትወጡ።

ከዚህ በታች ያለው የመልሶቹ ፍሬ ነገር ነው። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ምልልስ፣ ስለረዘመና መሃል ላይ ስለተካረረ፣ ለሚቀጥለው ጠያቂ እንዲመች በየተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ።

1. መጀመሪያ የመለሰው እዚሁ ኦሮራ ያለ ወንድም ነው። በትሕትና ነው የጻፈው። ሱባሩ ይነዳል። ለዓመታት በተራ ጎማ ሠርቶ በረዶ ይዞት አያውቅም። ሌላው መኪና ባለበት ጎማውን ሲያሽከረክር እሱ ዳገቱን ወጥቶ ይሄዳል። ገንዘቤን ለቤት ኪራይ ባስቀምጠው ይሻላል አለ።

2. ሚኒያፖሊስ የምትኖር እህት ወዲያው ተከተለች። ነርስ ናት፤ ከሌሊት ፈረቃ ስትወጣ መንገዱ ገና አይጠረግም። የወንድማችንን ልምድ አልናቀችም። ግን የሚያስጨንቀው መሄድ ሳይሆን መቆም ነው አለች። ኦል ዊል የሚጠቅመው ነዳጅ ስንረግጥ ነው። ፍሬን ስንይዝ ግን የየትኛውም መኪና አራቱም ጎማዎች ናቸው የሚይዙት፤ ርካሹም ውዱም እዚህ ላይ እኩል ነው። መታጠፊያ ላይም መኪናውን መስመሩ ላይ የሚያቆየው ጎማው ነው። እንዲያውም ኦል ዊል መኪና ያለ ችግር ስለሚነሳ ሾፌሩን ያደፋፍረዋል። መንገዱ ምን ያህል እንደሚያንሸራትት የሚያውቀው ፍሬን ሲረግጥ ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ያህል እንደሚሆንም አስታወሰችን። ለኔ የክሩ ዋና መልስ ይሄ ነው።

3. ጎማ ቤት የሚሠራ ልጅ ገባ። መጀመሪያ የጎማህን ጎን አንብብ አለኝ። ኤም ፕላስ ኤስ የሚለው ጽሑፍ ጭቃና በረዶ ማለት ነው። አምራቹ የጥርሱን ቅርጽ አይቶ ነው የሚጽፈው፤ በረዶ ላይ የተፈተነ ነገር የለም። ከ1999 ጀምሮ ሌላ ምልክት አለ፤ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት። ይህን የሚያገኘው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ከአንድ መለኪያ ጎማ ጋር ተወዳድሮ ቢያንስ በ10 በመቶ የበለጠ ጎማ ነው።

ልጁ እዚህ ላይ አላቆመም፤ ሐቀኝነቱን ወድጄዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ ያ ፈተና የሚለካው መኪናው ሲነሳ ጎማው ምን ያህል እንደሚይዝ እንጂ ፍሬን ሲያዝ አይደለም። መስታወት በመሰለ በረዶ ላይም አይፈተንም። ስለዚህ ምልክቱ ያላቸው ጎማዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። ትክክለኛው የበረዶ ጎማ ልዩነቱ ላስቲኩ ላይ ነው። ተራው ላስቲክ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ከ45 ፋራናይት ገደማ ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል። የበረዶው ግን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ጥርሱም ላይ በቢላ የተተለተሉ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። መኪናው ሲጫነው ስንጥቆቹ ይከፈቱና በረዶውን ይነክሳሉ።

4. አንድ ሰው በሌሊት ባትሪ ይዞ ፓርኪንግ ወርዶ ጎማውን እንዳየ ጻፈ። ያገኘው ኤም ፕላስ ኤስ ብቻ ነው። ሕግ እየጣስኩ ነው ወይ ብሎ ተጨነቀ።

5. ለሱ የመለሰው ተራራው ላይ ቫን የሚነዳ ወንድም ነው። በ2019 በወጣው የኮሎራዶ ሕግ መሠረት ወደ ተራራው በሚወጣው አውራ ጎዳና በአይ-70 ላይ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድንገት ለሚመጣ በረዶ ዝግጁ መሆን ግዴታ ነው። ኦል ዊል መኪና ጥርሱ 3/16 ኢንች ከሆነ ይበቃዋል፤ ኤም ፕላስ ኤስም ይሁን ሌላ። ቅጣቱ ከ130 ዶላር ይጀምራል። መንገድ ከዘጋህ ደግሞ ከ650 ዶላር ያልፋል። ለመለካት ኳርተሯን ሳንቲም ገልብጦ ጥርሱ መሃል ማስገባት ነው፤ ሳንቲሟ ላይ ያለው የዋሽንግተን አናት ከተሸፈነ አልፈሃል አለ።

6. ነርሷ ተመልሳ ሳንቲሙን አረመች። ከኳርተሩ ጠርዝ እስከ ዋሽንግተን አናት ያለው 4/32 ነው፤ 3/16 ማለት ግን 6/32 ነው። ኳርተሩ ያለፈልህ ጎማ ሕጉን ላያልፍ ይችላል። ጎማ መሸጫ ሁሉ የሚገኘውን ጥቂት ዶላር የሚያወጣ መለኪያ ገዝታችሁ ዳሽቦርድ ውስጥ ጣሉት አለች። ጎማው አንድ ጎኑን ስለሚበላም ውስጡንም መሃሉንም ውጪውንም ለኩ ብላ ጨመረች። ቫን ነጂው አመሰገናት። እኔም በማግስቱ ለካሁ። የፊቶቹ ከልኩ ትንሽ ተርፈዋል፤ የኋላው ግራ ውስጡን ከልኩ በታች ወርዷል። መኪናው ቆሞ ከውጪ ሲያዩት ደህና ነበር የሚመስለው።

7. ከዚህ በኋላ አንድ ወንድም ሁለት ብቻ ግዛና ፊት ላይ ግጠም አለኝ። መኪናው በብዛት የሚጎትተው በፊት ነው የሚል ነው ምክንያቱ። የቀረውን ሁለት ካገለገሉ ጎማ ሻጮች እየፈለግህ አሟላ አለ።

8. የጎማ ቤቱ ልጅ ትንሽ ቆጣ አለ። ፊቱ ይዞ ኋላው የማይዝ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲነካ ኋላው ቀድሞ ሊዞር ይመጣል። በዚህ አሟሟት ሰው ሲሞት አይቻለሁ የሚል ቃል ነበረበት። በኦል ዊል ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጎማዎቹ እኩል ካልሆኑ እኩል አይዞሩም፤ መሃል ያለው የኃይል ማከፋፈያ ያለ ዕረፍት ይሠራና ይጋላል። ሱባሩ የአራቱ ጎማዎች ዙሪያ ልዩነት ከሩብ ኢንች እንዳይበልጥ ይመክራል። ያገለገለ ጎማ የሚገዛም የጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብብ። 3518 ከሆነ በ2018 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያረጀ የበረዶ ጎማ ጥርሱ ቢኖርም ላስቲኩ ደርቋል፤ የምትከፍለው ለላስቲኩ ነበር።

9. አንድ መካኒክ በቁጣ ገባ። የማያውቁትን ማውራት ይቅር አለ። ጠያቂው የያዘው ሱባሩ አይደለም። በራቭፎር ሃይብሪድ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ኃይል የሚወስድ ዘንግ የለም፤ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው ለብቻው የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ስለዚህ የሚቃጠል ማከፋፈያ የለውም። ኦል ዊል የተባለ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዘንግ ያለው አለ፣ የሌለው አለ፣ ፊቱ እስኪንሸራተት ኋላው የሚተኛም አለ።

10. የጎማ ቤቱ ልጅ ስለ ዘንጉ መካኒኩ ልክ ነው ብሎ አመነ። ስለ መዞሩ ግን አልለቀቀም። ሞተሩ ምንም ይሁን ምን ኋላው ካልያዘ ይዞራል። መካኒኩም እዚህ ላይ አልተከራከረውም። ሁለቱም የያዙት እውነት ነበር፤ ቃላቱ ግን ከሚገባው በላይ ሻክሮ ነበር።

11. የመጀመሪያው የሱባሩ ባለቤት ተመለሰ። ያ ትሕትና የለም። ጎማ የሚሸጥ ሰው ጎማ ግዙ ማለቱ ምን ይገርማል አለ። ለነርሷም የሚኒሶታ ሜዳ ላይ የምትነዳ ሰው ስለ ተራራ ምን ታውቃለች የሚል ነገር ወረወረ።

12. እሷ አጭር መለሰች። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የምትቀበለው የቆመውን መኪና ሾፌር ሳይሆን መቆም ያቃተውን ነው። ከዚህ ሌላ አልጨመረችም። ክሩ ለተወሰነ ሰዓት ዝም አለ።

13. ጸጥታውን የሰበሩት ጋሼ ብለን የምንጠራቸው የድሮ የታክሲ ሾፌር ናቸው። ማንንም አልወቀሱም። በማርች 2003 ዴንቨር ላይ ከ31 ኢንች በላይ በረዶ ሲወርድ ሥራ ላይ ነበሩ። ያኔ ያዩትን ሲጽፉ መንገድ ዳር ወድቀው የቀሩት ትንንሾቹ መኪኖች ብቻ እንዳልነበሩ፣ ግዙፍ ፎር ዊሎችም እንደነበሩ ነገሩን። ትንንሾቹ ዳገት አቅቷቸው ቆመዋል። ትልልቆቹ ግን ቁልቁለት ላይ ነው ከመንገድ የወጡት። የቬይል ማለፊያ 10,662 ጫማ ከፍታ አለው፤ ዋሻው ደግሞ ከ11,000 ጫማ በላይ ነው። እዚያ ላይ ፀሐይ የነበረው መንገድ ጥላ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይረጋል፤ ዓይን ግን ርጥበት ነው የሚመስለው።

ምክራቸው ብዙ ነበር። ቁልቁለት ሳይጀመር ማርሽ መቀነስ፣ ፍሬንን መንካት እንጂ አለመጨፍለቅ። ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ፍሬን፣ እግር ሥር ሲንቀጠቀጥ ግን እግርን አለማንሳት። መንገድ ሲዘጋ ሰዓታት ስለሚቆም ብርድ ልብስ፣ ውኃ፣ ባትሪ፣ ነዳጅ ከግማሽ በላይ። ቆሎ መያዝ አትርሱ አሉ፤ ቸኮሌት ይደርቃል፣ ቆሎ ግን ምንም አይሆንም። ሞተር አስነስቶ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ወርዶ የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ያጽዳ። ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ገብቶ ተኝቶ ያለውን ሰው ይገድላል። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ጻፉት።

14. ከስቶክሆልም አንዲት እህት ገባች። ስዊድን ውስጥ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዶ ከያዘ የበረዶ ጎማ ግዴታ ስለሆነ እንዲህ ያለ ክርክር አይነሳም። እዚያ የሚከራከሩት ባለ ሚስማር ይሻላል ወይስ ያለ ሚስማር በሚል ነው። ሚስማሩ ግግር በረዶ ላይ የሚተካከለው የለም። ግን አስፋልቱን ይፈጫል፣ አቧራውም ለሳንባ ጎጂ ነው። ለዚህም ነው ሆርንስጋታን በሚባለው መንገድ ላይ ከ2010 ጀምሮ የተከለከለው።

15. ነርሷ ሚኒሶታም ለነዋሪዎቿ ሚስማር እንደምትከለክል አከለች። ቫን ነጂው ኮሎራዶ እንደምትፈቅድ፣ ግን አብዛኛውን ቀን ደረቅ አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው ጩኸቱ እንደማያስቀምጥ ጻፈ።

16. ከጀርመንና ከሞንትሪያል አጫጭር መልሶች መጡ። ሞንትሪያል ያለችበት ኩቤክ ከ2008 ጀምሮ የበረዶ ጎማን በሕግ አስገድዳለች፤ አሁን ጊዜው ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ነው። ጀርመን ደግሞ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በበረዶ መንገድ ላይ ኤም ፕላስ ኤስ ብቻ የተጻፈበትን ጎማ አትቀበልም፤ የተራራው ምልክት የግድ ነው።

17. እዚህ ላይ ወሬው ወደ አገር ቤት ዞረ። አንድ ወንድም አሮጌ የበረዶ ጎማዎቹን አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ ሊልክ አስቦ ነበር። በክረምት ዝናብ አስፋልቱ ያንሸራትታልና ይጠቅመዋል ብሎ ነው።

18. የጎማ ቤቱና የመካኒኩ መልስ አንድ ሆነ፤ አትላክ። የመጀመሪያው ዝናብ የሚያንሸራትተው ከደረቁ ወራት የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ሲላቆጥ ነው። ለዚያ የሚፈለገው ጥሩ ጥርስ ያለው ተራ ጎማ ነው። የበረዶ ጎማ ሞቃት አስፋልት ላይ ይልማል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሬኑም ይረዝማል። ወደ አፋር ወይም ወደ ድሬዳዋ ከወረደማ የባሰ ነው። አዲስ አበባ ካለ ጎሚስታ ደህና አዲስ ጎማ እንዲገዛ ገንዘቡን ላክለት አሉት።

19. አንዲት እህት ብርድ በገባ ቁጥር ጠዋት ጠዋት ዳሽቦርዱ ላይ የጎማ መብራት እንደሚበራባት ጠየቀች። ጎማዋ አልተበሳም። በየ10 ዲግሪ ፋራናይት ቅዝቃዜ የጎማው ንፋስ ግፊት 1 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። ጠዋት ሳይነዳ በሩ ላይ በተጻፈው ልክ መንፋት ነው።

20. ወደ ዋናው ነገር የመለሰን ቫን ነጂው ነው። ለዴንቨር ሰው ከባዱ ምርጫ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማችን ፀሐይ አላት። ዛሬ የወረደ በረዶ ነገ ከሰዓት የለም። ጠዋት ከዜሮ በታች የነበረው ቀትር ላይ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ለስላሳው ጎማ በዚህ መሃል ያልቃል። ለዚህ ኦል ዌዘር የሚባሉ መካከለኛ ጎማዎች አሉ፤ ኦል ሲዝን ከሚባሉት ተራዎቹ ጋር እንዳናምታታቸው አስጠነቀቀ። እንደ ሚሽሊን ክሮስክላይሜት 2 ያሉት የተራራው ምልክት አላቸው፣ በጋውንም ይነዳሉ። ከኦሮራ ለማይወጣ ሰው እሱ ይበቃል።

ተራራ ለሚወጣ ግን እሱም ነርሷም ያው ናቸው። ብሊዛክ፣ ኤክስ-አይስ፣ ሃካፔሊታ ዓይነት እውነተኛ የበረዶ ጎማ፣ አራቱም። ጎህ ሲቀድ ጥላ ውስጥ ያለ መታጠፊያ ላይ ልዩነቱ ይታያል። ወጪውም ሲታሰብ ያን ያህል አይደለም፤ የበረዶው ሲሠራ ሌላው ያርፋል፣ ሁለቱም ዕድሜያቸው ይረዝማል። ሕጉ ተራ ጎማህን ቢያሳልፈውም ሕጉ የሚፈልገው መንገድ እንዳትዘጋ ነው። ኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ኃላፊነቱ የሾፌሩ ነው።

21. እኔ ወሰንኩ፤ አራት የበረዶ ጎማ፣ 225/65 አር17። በየዓመቱ ሁለቴ ጎማ ማስፈታት ስለሚሰለች ለብቻው ቸርኬ ያለው ሰው ካለ ብዬ ጠየቅኩ።

22. ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያለ ወንድም ከሆንዳ ሲአርቪ የተረፈ ባለ 17 ቸርኬ አለኝ አለ። የብሎኖቹ ልክ 5 በ114.3 ነው (አምስት ብሎን፣ በ114.3 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ)፣ የራቭፎሩም እንዲሁ።

23. መካኒኩ ቆይ አለ፤ በዚህኛው መልሱ ድምፁ ለስልሶ ነበር። የብሎኑ ርቀት አንድ ቢሆንም መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ አንድ አይደለም። የሆንዳው 64.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቶዮታው 60.1። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባ መሪው ይንቀጠቀጣል። ዳዶዎቹም ይለያሉ፤ የሆንዳው መቀመጫ ክብ ነው፣ ስለዚህ የቶዮታው ዳዶ እዚያ ላይ አይቀመጥም፣ እየነዳህ ይላላል። ከራቭፎር የወጣ ቸርኬ ፈልግ አለኝ። የጎማ ንፋስ የሚለካው ሴንሰርም ይኑረው፤ ከሌለ መብራቱ የብርዱን ወራት ሙሉ አይጠፋም።

24. የሱባሩ ባለቤት ለጎማ ቤቱ ልጅ የመኪናውን ዓመት ጽፎ ኦል ዌዘር በዚያ ልክ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ። ልጁ እንደሚገኝ፣ ግን የመጀመሪያው በረዶ ከወረደ ሰልፉ እንደሚረዝም ነገረው። ዴንቨር ላይ ይህ ብዙ ጊዜ በኦክቶበር አጋማሽ ነው።

25. ቸርኬውን ያገኘሁት እዚሁ ኦሮራ ነው፤ ራቭፎሩን ከሸጠ ሰው። መካኒኩ ቅዳሜ ግቢው ድረስ እንድመጣ ነገረኝ። ዳዶዎቹን በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቀ በ76 ፉት ፓውንድ እንደሚያጠብቃቸው፣ 50 ማይል ከነዳሁ በኋላ ተመልሼ እንዲደግማቸው ጻፈ። ጎማ ላይ የሚጠለቀውን የበረዶ ሰንሰለት የምይዝ ከሆነም የፊት ጎማዎቹ ላይ ብቻ እንደሚገባ፣ ቅዳሜ ሜዳ ላይ አንዴ እንደምንለማመደው አከለበት።